ትልቅ ሙሉ ቁጥር እንዴት ይመረመራል? የ1,373,653 ጉዳይ

ባለፈው ክረምት፣ አራት ኪሎ ከሳይንስ ፋኩልቲው በር ብዙም በማይርቅ አንድ ቡና ቤት ውስጥ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት የምሰጠው ተማሪ ደብተሩን ከማኪያቶው ብርጭቆ አጠገብ ዘርግቶ 1,373,653 የሚል ቁጥር አሳየኝ። «ቲቸር፣ ይኼ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ራሴ የጻፍኩት ፕሮግራም አረጋግጦልኛል» አለ። ብቸኛ ቁጥር የምንለው ከ1 የሚበልጥ ሆኖ፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር በሌላ በየትኛውም ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈለውን ነው። ፕሮግራሙ ተሳስቶ ነበር፤ የተሳሳተው ግን በደንብ ስላልተጻፈ ሳይሆን፣ የጠራቸው ሁለት ምስክሮች፣ ማለትም ለመፈተኛ የመረጣቸው ሁለት ቁጥሮች፣ ሁለቱም በሐሰት ስለመሰከሩ ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ያንን ቁጥር በሁለት ከሰዓት እንዴት እንደመረመርነው በቅደም ተከተል ያሳያል። አንባቢ በእጁ ባለ በማንኛውም ባለ ስድስት ወይም ባለ ሰባት አኃዝ ቁጥር ላይ፣ ለምሳሌ ፒያሳ ላይ አዟሪ በሸጠለት የሎተሪ ቲኬት ላይ፣ ሊሞክረው ይችላል።

የሚያስፈልገው ባለ ካሬ ደብተር፣ እርሳስና ባለ 12 አኃዝ ካልኩሌተር ብቻ ነው፤ መርካቶ ውስጥ በየሱቁ ባንኮኒ ላይ የሚታየው፣ ትልልቅ ቁልፎች ያሉት ካልኩሌተር ይበቃል። የስልክ ካልኩሌተርም ያገለግላል፤ ሆኖም አንዳንዱ ውጤቱ ሲረዝምበት የመጨረሻዎቹን አኃዞች ቆርጦ ግምት ያሳያል፣ በዚህ ሥራ ደግሞ ቁም ነገሩ ያለው እነዚያው የመጨረሻ አኃዞች ላይ ነው። ስለዚህ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት 999,999ን በራሱ ያባዙበት፤ 999,998,000,001 ብሎ ካልመለሰ አይጠቀሙበት።

ቁጥሩን በግእዝ አኃዝ መጻፍ

መጀመሪያ ቁጥሩን በግእዝ አኃዝ እንዲጽፉት እመክራለሁ። ይህን የምለው ለጌጥ አይደለም። የግእዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ ቁጥርን የሚሰበስበውም በመቶ በመቶ ነው፤ ፻ መቶ ሲሆን፣ መቶ ጊዜ መቶ ደግሞ ፼ ነው። በዚህ ሥርዓት 1,373,653 ሲጻፍ ፻፴፯፼፴፮፻፶፫ ይሆናል። ከቀኝ ወደ ግራ ስንመለስ ቁጥሩ በጥንድ በጥንድ ተከፍሎ እናገኘዋለን፤ 53፣ 36፣ 37፣ በመጨረሻም ከፊተኛው ፻ በፊት ሳይጻፍ የሚታወቀው 1።

የዚህ አከፋፈል ጥቅም እንዲህ ነው። መቶ ለ99 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ስለዚህ ፻ም ሆነ ፼ ለ99 ከማካፈል አንጻር ከ1 እኩል ናቸው፣ ጥንዶቹንም እንደዋዛ መደመር ይቻላል። 53 + 36 + 37 + 1 = 127 ሲሆን፣ ከዚህ ላይ 99 ሲነሣ 28 ይቀራል። 99 የ9 እና የ11 ብዜት በመሆኑ ያው 28 ለሁለቱም ያገለግላል፤ ለ9 ሲካፈል 1፣ ለ11 ሲካፈል 6 ይተርፋል። እንግዲህ ቁጥራችን በ3፣ በ9 ወይም በ11 አይካፈልም። ጥንዶቹን ሁሉንም በመደመር ፈንታ አንዱን እየደመርን ቀጣዩን እየቀነስን ከሄድን ደግሞ 53 − 36 + 37 − 1 = 53 እናገኛለን፤ ይህ ቁጥሩ ለ101 ሲካፈል የሚተርፈው ነው፤ ምክንያቱም መቶ ከ101 በአንድ ያንሳል። የግእዙን አጻጻፍ ከበዓላት ካርድና ከመጽሐፍ ምዕራፍ ውጭ አንጠቀምበትም፤ ለዚህ ሥራ ግን ከዐረቡ አኃዝ ይልቅ የተመቸ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመቀጠል በዐረቡ አኃዝ፣ በሦስት በሦስት ተከፍሎ እንደተጻፈው ይመልከቱት። 1,001 የ7፣ የ11 እና የ13 ብዜት ስለሆነ፣ ሦስት ሦስቱን አኃዝ ከቀኝ ጀምሮ እያፈራረቁ መደመርና መቀነስ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ይፈትናል፤ 653 − 373 + 1 = 281። 281 ለ7 ሲካፈል 1፣ ለ13 ሲካፈል 8፣ ለ11 ሲካፈል 6 ይተርፋል። ለ11 ቀደም ሲል በሌላ መንገድ ያገኘነውም ያው 6 ስለነበር፣ ሁለቱ መስማማታቸው እስካሁን የመደመር ስሕተት እንዳልሠራን ይነግረናል። ሦስት ሦስቱን ያለ መቀነስ ከደመርን 1,027 እናገኛለን፤ 999ን ስናነሣለት 28 ይቀራል፤ 999 የ37 ብዜት ነውና በ37ም አይካፈልም ማለት ነው። የመጨረሻው አኃዝ 3 መሆኑ 2ን እና 5ን ያሰናብታል። ከዚህም በላይ የትኛውም ሙሉ ቁጥር በራሱ ሲባዛ ውጤቱ በ2፣ በ3፣ በ7 ወይም በ8 ስለማይጨርስ፣ ቁጥራችን የአንድ ሙሉ ቁጥር ስኩዌር ሊሆን እንደማይችል ከዚያው ከአንዱ አኃዝ እንረዳለን።

ስለ ቀሪ

እስካሁን የሠራነው ሁሉ የተመሠረተው ድርሻውን ትቶ ቀሪውን በመያዝ ላይ ነው። ይህ ለተማሪዎቼ እንግዳ ሲሆንባቸው ባሕረ ሐሳብን አስታውሳቸዋለሁ፤ አጽዋማትንና በዓላትን የሚያወጣው ስሌት ከዳር እስከ ዳር የቀሪ ስሌት ነውና። ለምሳሌ የ2017 ዓ.ም. መስከረም 1 በምን ቀን እንደዋለ ለማወቅ 5,500 ተደምሮበት ዓመተ ዓለሙ 7,517 ይሆናል፤ የዚህ ሩብ፣ ማለትም መጠነ ራብዒቱ፣ 1,879 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 9,396 ይሆናሉ፤ ይህ ለ7 ሲገደፍ፣ ማለትም ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ሲያዝ፣ 2 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ ነውና 2 ረቡዕ ይሆናል፤ ዕለቱም በእርግጥ ረቡዕ ነበር። ለ7 ሲገደፍ የተገኘው 1,342 ድርሻ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ወንበሩም (ዓመቱ በ19 ዓመቱ የጨረቃ ዑደት ውስጥ ያለበት ቦታ) እንዲሁ ነው፤ 7,517 ለ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፣ አንድ ሲቀነስለት 11 ይሆናል፤ የጨረቃን ዕድሜ የሚያመለክተው አበቅቴውም 11 በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ የሚተርፈው 1 ነው። ወደፊት 5ን ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ በራሱ እናባዛለን ስል አንባቢ እንዳይደነግጥ ይህን አስቀድሜያለሁ፤ በየደረጃው ከተገደፈ ቁጥሩ ከሰባት አኃዝ አያልፍም።

እስከ የት መፈለግ ይበቃል?

ቁጥሩ አካፋይ ካለው፣ ከአካፋዮቹ ቢያንስ አንዱ ከስኩዌር ሩቱ አይበልጥም፤ ሁለቱም ከዚያ ቢበልጡ ብዜታቸው ቁጥሩን ያልፈዋልና። 1,172 በራሱ ሲባዛ 1,373,584፣ 1,173 በራሱ ሲባዛ ደግሞ 1,375,929 ነው። ስለዚህ ፍለጋው 1,172 ላይ ይቆማል፤ እስከዚያ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮችም 193 ናቸው። አንድ በአንድ ማካፈል አሰልቺ ቢሆንም የሚናቅ መንገድ አይደለም፤ በካልኩሌተር አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ ውጤቱም አያከራክርም። እኛም በዚህ ብንሄድ ኖሮ 145ኛው ላይ እናገኘው ነበር። ተማሪዬ ግን የፈለገው ለሃያና ለሠላሳ አኃዝ ቁጥር የሚሆን ዘዴ ነበር፤ በዚያ መጠን ላይ ደግሞ የማካፈል መንገድ ዕድሜ አይበቃውም።

ምስክር መጥራት

ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 የደረሰበት ሕግ እንዲህ ይላል፤ አንድ ቁጥር ብቸኛ ከሆነ፣ ለእርሱ ያለ ቀሪ የማይካፈል ማንኛውም ቁጥር ከእርሱ በአንድ ባነሰ ርቢ ከፍ ሲልና ለእርሱ ሲካፈል ቀሪው ምንጊዜም 1 ነው። ለምሳሌ 2 ስድስት ጊዜ ረብቶ (2 × 2 × 2 × 2 × 2 × 2) 64 ሲሆን፣ ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል። እንግዲህ ቁጥራችን ብቸኛ መሆኑን የሚጠራጠር ሰው 2ን ለምስክርነት ይጠራል፤ የ2 1,373,652ኛ ርቢ ለ1,373,653 ሲካፈል ከ1 ሌላ ከተረፈው፣ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑ አካፋዩ ሳይታወቅ እንኳ ተረጋግጧል። ቀሪው 1 ከሆነ ግን ነገሩ አላለቀም። ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ የቆመ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ምስክር ቀረበ ማለት እውነት ቀረበ ማለት አይደለም። 341ን ይውሰዱ። 2 አሥር ጊዜ ሲረባ 1,024 ነው፤ ይህም የ341 ሦስት እጥፍና 1 ነው፤ ስለዚህ ቀሪው 1 ሲሆን፣ 340ኛው ርቢም 34 ጊዜ የዚሁ ድግግሞሽ በመሆኑ ቀሪው ያው 1 ነው። ይሁንና 341 ማለት 11 በ31 ሲባዛ ነው። 2 እዚህ ላይ በሐሰት መስክሯል።

ስሌቱን እንዴት እንደምንሠራ ላሳይ። ማባዛትን በማጋመስና በማጠፍ የሚሠራው የጥንት ዘዴ፣ በውጭ አገር የሒሳብ ጽሑፎች ዘንድ «የኢትዮጵያ ማባዣ» በሚል ስም ይጠቀሳል፤ እኛም ያንኑ በርቢ ላይ እናውለዋለን። 1,373,652ን ቀሪውን እየጣሉ እስከ 1 ድረስ እያጋመሱ ከላይ ወደ ታች ይጻፉ፤ 1,373,652፣ 686,826፣ 343,413፣ 171,706፣ 85,853 እያለ እስከ 20፣ 10፣ 5፣ 2፣ 1 ድረስ 21 መስመር ይወጣዋል። አሁን ከታች ወደ ላይ ይመለሱ። 1 ላይ የመረጡትን ምስክር፣ 5 ነው እንበል፣ ይጻፉ፤ አንድ መስመር በወጡ ቁጥር ያለዎትን ውጤት በራሱ ያባዙና ይግደፉት፤ የደረሱበት መስመር ኢተጋማሽ ቁጥር ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ በምስክሩ ጨምረው ያባዙና ይግደፉ። በ5 ስንጀምር፣ 2 ላይ 25፣ ኢተጋማሽ በሆነው 5 ላይ 25 በ25፣ ከዚያም በ5 ተባዝቶ 3,125፤ 10 ላይ 9,765,625 ሆኖ ሲገደፍ 150,054፤ 20 ላይ 150,054 በራሱ ተባዝቶ 22,516,202,916 ሆኖ ሲገደፍ 656,593 ይሆናል። በካልኩሌተር መግደፍ ማለት ውጤቱን ለ1,373,653 ማካፈል፣ የድርሻውን ሙሉ ክፍል (እዚህ ላይ 16,391) መልሶ በ1,373,653 ማባዛትና ከውጤቱ ላይ መቀነስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልሃት ያስፈልጋል። ቀሪው ከቁጥሩ ግማሽ፣ ማለትም ከ686,826 በበለጠ ጊዜ፣ 1,373,653ን ቀንሰውለት አሉታዊ ያድርጉት፤ ለምሳሌ 1,370,338 የሚለውን −3,315 ብለው ይያዙት። እንዲህ ከተደረገ በራሱ ሲባዛ ከ12 አኃዝ ፈጽሞ አያልፍም፣ የመርካቶው ካልኩሌተርም ይበቃዋል። ይህን ሳናስተውል በጀመርንበት በመጀመሪያው ቀን ማሽኑ ሞላብኝ እያለ ሦስት ጊዜ ከመሐል መልሶናል።

ሁለቱ ሐሰተኞች

ተማሪዬ ግን ከፌርማ ሕግ የጠነከረ ፈተና ነበር የተጠቀመው። ይህን ፈተና ጋሪ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1976 አቀረበው፣ ማይክል ራቢን ደግሞ በ1980 አሻሻለው። መነሻው እንዲህ ነው፤ ቁጥሩ ብቸኛ ከሆነ፣ በራሳቸው ተባዝተው ሲገደፉ 1 የሚያስቀሩት ቁጥሮች 1 እና ከቁጥሩ በአንድ ያነሰው (ማለትም −1) ብቻ ናቸው። ስለዚህ ርቢውን መጨረሻው ላይ ብቻ ሳይሆን ከመጨረሻው በፊት ባሉት መስመሮችም ላይ እንመለከተዋለን። 1,373,652 ሁለት ጊዜ ሲጋመስ ኢተጋማሽ የሆነው 343,413 ላይ ይደርሳል። ምስክሩ ታማኝ መስሎ የሚያልፈው 343,413 ላይ ቀሪው 1 ወይም −1 ከሆነ፣ አለዚያም 686,826 ላይ −1 ከሆነ ነው።

2ን ጠራነው፤ 686,826 ላይ −1 ሰጠ። 3ን ጠራነው፤ ገና 343,413 ላይ 1 ሰጠ። ሁለቱም «ብቸኛ ነው» አሉ፣ ፕሮግራሙም ሁለቱን አምኖ ፈረደ። ቁጥሩ ዝነኛ የሆነውም በዚህ ነው፤ 2 እና 3 ሁለቱም አብረው በዚህ በጠነከረው ፈተና የሚዋሹለት የመጀመሪያው፣ ማለትም የሁሉም ትንሹ፣ 1,373,653 ነው። ከእርሱ በታች ላለ ለማንኛውም ቁጥር ሁለቱ ምስክሮች ይበቃሉ፣ እርሱ ላይ ሲደርሱ ግን ይወድቃሉ። 2 ብቻውን ቢጠራ ኖሮ ገና 2,047 ላይ ይዋሽ ነበር፤ 2,047 የ23 እና የ89 ብዜት ነውና። ተማሪዬ ከየትኛው ገጽ ላይ እንደቀዳው ባላውቅም፣ ገደቡን ሳያነብ ዘዴውን ብቻ ይዞ መጥቷል። ራቢን ያረጋገጠው አንድ ነገር ግን ያጽናናል፤ ብቸኛ ላልሆነ ለማንኛውም ኢተጋማሽ ቁጥር ከሚጠሩት ምስክሮች መካከል የሚዋሹለት ቢበዙ ከአራት አንድ ናቸው። ስለዚህ ሦስተኛና አራተኛ ምስክር መጨመር ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ሦስተኛውን ምስክር፣ 5ን፣ ጠራን። (በመንገዱ ላይ ተማሪዬ በአራት፣ በአምስትና በስድስት ኪሎ መካከል ብቸኛው አምስት ኪሎ ብቻ ነው ብሎ ቀለደ፤ እውነቱን ነው።) ከላይ 20 ላይ ያቆምነውን ስሌት እስከ ጫፍ ስንገፋው፣ 1,373,652 ላይ የተረፈው 1 አልነበረም፤ 1,370,338 ነበር። የጠነከረው ፈተና ይቅርና የፌርማው እንኳ በ5 በኩል ይይዘዋል። ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም።

ከውሸቱ ውስጥ አካፋዩን ማውጣት

ብዙ መመሪያዎች እዚህ ላይ «ብቸኛ አይደለም» ብለው ያቆማሉ፤ አካፋዩንም በሌላ በኩል እንድንፈልግ ይተዉናል። እኔ ግን የተረፈውን ቁጥር ከመጣልዎ በፊት አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይጠይቁት እላለሁ። ከ1,370,338 ላይ 1 ቀንሰው 1,370,337ን ይያዙና፣ የእርሱንና የ1,373,653ን ትልቁን የጋራ አካፋይ በኤውክሊድ መንገድ ይፈልጉ፤ ማለትም ትልቁን በትንሹ እየገደፉ ይውረዱ። 1,373,653 በ1,370,337 ሲገደፍ 3,316 ይተርፋል። 1,370,337 በ3,316 ሲገደፍ 829 ይተርፋል። 3,316 የ829 አራት እጥፍ ነው፤ ቀሪ የለውም። ስለዚህ 829 ሁለቱንም ያካፍላል፤ 1,373,653ም በ829 ሲካፈል 1,657 ይሆናል።

ይህ የሆነበት ምክንያት 5 ለሁለቱ አካፋዮች የሰጠው ቃል ስለተለያየ ነው። የ5 ርቢ ለ829 ሲገደፍ 1 ይተርፋል፣ ለ1,657 ሲገደፍ ግን −1፤ ስለዚህ 1 ሲቀነስለት 829 ያካፍለዋል፣ 1,657 ግን አያካፍለውም። ምስክሩ ለሁለቱም 1 ቢያስቀር ወይም ለሁለቱም ከ1 ሌላ ቢያስቀር ይህ መንገድ አይሠራም፤ የሚጠቅመን ቃሉ ሲለያይ ነው። ዘዴው ሁልጊዜ አካፋይ አያወጣም፤ ሦስት መስመር ብቻ ስለሚፈጅ ግን ሁልጊዜ መሞከር ይገባዋል።

ሁለቱ አካፋዮች ራሳቸው ብቸኛ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ትልቅ ሥራ አያስፈልግም። 29 በራሱ ሲባዛ 841 ስለሆነ ለ829 እስከ 23፣ 41 በራሱ ሲባዛ 1,681 ስለሆነ ለ1,657 እስከ 37 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል፤ አንዳቸውም አያካፍሏቸውም።

አካፋዮቹ ከታወቁ በኋላ

አሁን የቀሩት ጠባዮች በቀላሉ ይወጣሉ። የቁጥሩ አካፋዮች አራት ናቸው፤ 1፣ 829፣ 1,657 እና ራሱ። ድምራቸው 830 በ1,658 ሲባዛ የሚገኘው 1,376,140 ነው። ከራሱ በታች ሆነው ከእርሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች ብዛት 828 በ1,656 ሲባዛ፣ ማለትም 1,371,168 ነው።

የሁለት ስኩዌሮች ድምር መሆን አለመሆኑ ጥቂት ደስታ የሚሰጥ ጥያቄ ነው። 829ም 1,657ም ለ4 ሲካፈሉ 1 ይተርፋቸዋል፤ እንዲህ ያለ ብቸኛ ቁጥር ሁሉ የሁለት ስኩዌሮች ድምር ሆኖ መጻፍ ይችላል። 829 የ27 እና የ10 ስኩዌሮች ድምር (729 + 100)፣ 1,657 ደግሞ የ19 እና የ36 ስኩዌሮች ድምር (361 + 1,296) ነው። ሁለቱን ለማጣመር 27ን በ19፣ 10ን በ36 ያባዙ፤ 513 እና 360 ይሆናሉ። ቀጥለው 27ን በ36፣ 10ን በ19 ያባዙ፤ 972 እና 190 ይሆናሉ። የፊተኞቹን ደምረው የኋለኞቹን ሲቀንሱ 873 እና 782፣ የፊተኞቹን ቀንሰው የኋለኞቹን ሲደምሩ ደግሞ 153 እና 1,162 ያገኛሉ። ቁጥራችን በሁለቱም መንገድ ይጻፋል፤ 762,129 + 611,524 ቢሉም፣ 23,409 + 1,350,244 ቢሉም ውጤቱ 1,373,653 ነው። አንድ ኢተጋማሽ ቁጥር በሁለት የተለያዩ መንገዶች የሁለት ስኩዌሮች ድምር ሆኖ ከተገኘ ብቸኛ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ይህም ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው።

በሁለተኛው ከሰዓት፣ ከአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ወጥተን ወደ ቡና ቤቱ ስንሻገር፣ ተማሪዬ ሁለቱን አካፋዮች በእጁ መዳፍ ላይ ጽፎ ሲያይ ቆየና «ቲቸር፣ 1,657 የ829 እጥፍ አንድ ሲጎድለው ማለት አይደል እንዴ?» አለኝ። ነው። የ829 እጥፍ 1,658 ነው። ያኔ ሁለት ቀን የለፋንበት ቁጥር ምን እንደሆነ ገባኝ፤ 1,657 በ1,658 ተባዝቶ ሲጋመስ የሚገኘው ቁጥር፣ ከ1 እስከ 1,657 ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ድምር ነው። ጠጠሮችን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን በመስመር ብንደረድር 1,657ኛው መስመር ላይ ሦስት ማዕዘን ሠርቶ የሚቆም ቁጥር ነበር። እንዲህ ያለውን ቁጥር ለመለየት ደግሞ ምንም ምስክር አያስፈልግም፤ በ8 አባዝቶ 1 መደመርና የስኩዌር ሩት ቁልፍ መጫን ይበቃል። 10,989,225 ይሆናል፣ ስኩዌር ሩቱም ያለ ነጥብ 3,315 ነው። 1 ተደምሮበት ለ4 ሲካፈል 829። አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ባለመጠየቄ ለመምህርነቴ አፈርኩ።

ጥያቄው በአጋጣሚ የተገኘ ብቻ አይደለም። ምስክሮችን በብዛት የሚያሳስቱ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ዝምድና ባላቸው ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች የተሠሩ ናቸው፤ ከእያንዳንዳቸው 1 ሲቀነስ አንደኛው የሌላው እጥፍ፣ ወይም ሦስት፣ አራት፣ አምስት እጥፍ ይሆናል። እዚህ 828 እና 1,656 ናቸው፤ እጥፍ። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ቅደም ተከተል ውስጥ፣ ከመደመርና ከመቀነሱ ፈተና በኋላ ምስክር ከመጥራትዎ በፊት፣ የሚከተለውን ያስገቡ። የዝምድናውን መጠን በ4 ያባዙ፤ ያን በቁጥሩ ያባዙ፤ ከመጠኑ 1 ቀንሰው የቀረውን በራሱ አባዝተው ይደምሩ፤ ከዚያ ስኩዌር ሩቱን ይመልከቱ። ለእጥፍ በ8 አባዝቶ 1 መደመር፣ ለሦስት እጥፍ በ12 አባዝቶ 4 መደመር፣ ለአራት እጥፍ በ16 አባዝቶ 9 መደመር፣ ለአምስት እጥፍ በ20 አባዝቶ 16 መደመር ነው። ነጥብ የሌለው ሩት ከወጣ፣ ለእጥፍ 1፣ ለሦስት እጥፍ 2፣ ለአራት እጥፍ 3፣ ለአምስት እጥፍ 4 ደምረው፣ በ4፣ በ6፣ በ8 ወይም በ10 እንደየቅደም ተከተሉ ያካፍሉት፤ የሚወጣው ትንሹ አካፋይ ነው።

ተማሪዬ ፕሮግራሙ ላይ 5ን ሦስተኛ ምስክር አድርጎ ጨመረ። 2፣ 3 እና 5 አንድ ላይ የሚዋሹለት የመጀመሪያው ቁጥር 25,326,001 መሆኑን ስነግረው ካልኩሌተሩን ወደ ራሱ ሳበው። በ8 አባዝቶ 1 ደመረ፤ ሩቱ ነጥብ ይዞ መጣ። በ12 እና በ16ም ሞከረ፤ አልሆነም። በ20 አባዝቶ 16 ደመረና ቁልፉን ተጫነ፤ 22,506 አለ። 4 ደምሮ ለ10 ሲያካፍለው 2,251 ሆነ፤ 25,326,001ን ለእርሱ ሲያካፍል ደግሞ 11,251፣ ያለ ቀሪ።